«አልገባኝም» ማለት ፍርድ አይደለም

በቅርቡ ብቸና ላይ፥ ከሞጣ ከመጡ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር ሆነን የኃይሌ ገሪማን አንድ አጭር ፊልም በኮምፒዩተር ተመለከትን። ስሙ «ቻይልድ ኦቭ ሬዚስታንስ» ይባላል፤ «የእምቢታ ልጅ» እንደ ማለት ነው። ርዝመቱ 36 ደቂቃ ቢሆንም፥ ገና ሳያልቅ ከመካከላችን አንዱ «አልገባኝም፤ ስለዚህ ዋጋ የለውም» ብሎ ተነሣ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ የእርሱ ፍርድ ነው።

የጐንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ፊልሙን በ1972 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የሠራው ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ነው። ጥቁር አሜሪካዊቷ አንጄላ ዴቪስ በካቴና ታስራ በቴሌቪዥን ካያት በኋላ ያለመው ሕልም መነሻ ሆነው። ባርባራ ጆንስ ሆና የምትጫወታት ሴት ስለ ፍትሕ በመታገሏ የታሰረች ናት፤ እስራቷ፥ ሥጋቷና ምኞቷ ያለ ቅደም ተከተል ይደባለቃሉ። ሕልምስ ቢሆን መቼ በተራ ይመጣል?

እንዲህ ያለውን ሥራ ለመመርመር ከእኛ ይልቅ ማን ይቀርባል? ከብቸና ብዙ የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ስመ ጥር የቅኔ አገር ነው። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ሰምቶ ወርቁ ቢሰወርበት ያሰላስለዋል እንጂ ቅኔውን አያወግዝም። ጉባኤ ቃናንም ሁለት ቤት ብቻ ናት ብሎ የናቃት የለም።

እርግጥ ነው፤ የተሰወረ ሁሉ ወርቅ አይደለም። ባዶነቱን በጭጋግ የሚሸፍን ሥራም ይኖራል። ነገር ግን ባዶ መሆኑ የሚታወቀው ከተመረመረ በኋላ ነው። እኔም ፊልሙን ሁለተኛ ጊዜ ስመለከት፥ አስቀድሞ ዝብርቅርቅ የመሰለኝ ነገር የእስረኛ አሳብ አካሄድ መሆኑ ተገለጠልኝ፤ አካል በግድግዳ ሲታገድ አሳብ በር አያስፈልገውም።

ይህ የፊልም ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ባላገር ወደ ቢሮ ገብቶ አቤቱታውን ከአያቱ መሬት ጀምሮ፥ በበሬው ሞት አዙሮ ሲያመጣው፥ «አባቴ፥ ወደ ጉዳይዎ ይግቡ!» ብለን የምናቋርጥ ወጣት ሠራተኞች ጥቂት አይደለንም። ምናልባት ጉዳዩ ያለው በበሬው ታሪክ ውስጥ ነው። ለ36 ደቂቃ ትዕግሥት ያጣ ሰው ለዚያ ባላገር ከየት ያመጣል?

ስለዚህ ወዳጄ ሆይ፥ ናና ፊልሙን አብረን ደግመን እንየው። ከዚያ በኋላ ብትነቅፈው፥ ነቀፌታህን በደስታ እሰማለሁ።