«ገባችሁ?» ጥያቄ አይደለም

ዜማውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አስተማሪው ከሰሌዳው ዞር ይልና የጠመኔውን ብናኝ ከእጁ እያራገፈ «ገባችሁ?» ይላል። ስልሳ ልጅ በአንድ ድምፅ «ገባን!»። «አልሰማሁም?» «ገባንንን!»። በቃ። ሰሌዳው ይጠፋል፣ ቀጣዩ ርዕስ ይጻፋል።

እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ነው። እኛ ሙያ ውስጥ ሁሉም የሚረግመው አንድ የሰርቨር ዓይነት አለ። ዳታቤዙ ይውደቅ፣ ፋይሉ ይጥፋ፣ እሱ ሁልጊዜ የሚመልሰው «200 ኦኬ» ነው። ሁሉ ሰላም፣ ሁሉ አማን። ይኼ ከሞተ ሰርቨር ይብሳል፤ የሞተው ቢያንስ መሞቱ ይታወቃል። «ገባን!» የሚለው ክፍል እንዲህ ያለ ሰርቨር ነው። ልጆቹን ግን አልወቅስም። እንዲህ እንዲመልሱ ዓመት ሙሉ፣ ከዚያም አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያሠለጠናቸው ሰው አለ።

ለመምህራን ስለሚሰጥ የተግባቦት ሥልጠና አንድ ስላይድ በቅርቡ እጄ ገብቶ ነበር። ድምፅህን ከፍ አድርግ፣ ክፍሉ ውስጥ ተንቀሳቀስ፣ ዓይን ለዓይን ተያይ፣ ፈገግ በል፣ ግልጽ ቋንቋ ተጠቀም። ክፉ ምክር የለበትም። ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ አፍ ነው፤ ስለ ጆሮ አንድ ገጽ የለውም። ለዜና አንባቢ የተዘጋጀ ነው ቢባል አምን ነበር። «ተግባቦት» የሚለው ቃል ራሱ እኮ ከ«ገባ» የወጣ ነው፤ መግባባት ደግሞ ለብቻ አይሆንም።

ኢንተርኔት የሚሠራበት ቲሲፒ የሚባል ሥርዓት አለ። አንዱ ኮምፒውተር መረጃ ሲልክ ሌላኛው ዝም ብሎ «ደረሰኝ» አይልም። «እስከዚህ ቁጥር ድረስ ያለው ደርሶኛል፣ ከዚህ ቀጥል» ነው የሚለው። መልስ ከጠፋ ላኪው ድጋሚ ይልካል። «እኔ ልኬያለሁ፣ ካልደረሰህ የራስህ ጉዳይ» አይልም። ሁለት ማሽኖች የሚከባበሩትን ያህል እንኳ አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች አለመከባበራቸው ያናድደኛል። ስልሳ ልጅ በአንድ ላይ «ገባን» ሲል እስከ የትኛው ቁጥር እንደደረሰለት የነገረህ ማነው?

የራሴን ልንገራችሁ። ዘጠነኛ ክፍል፣ ፊዚክስ፣ ቬክተር። መምህራችን «ገባችሁ?» አሉ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እጄን አወጣሁ። «ቲቸር፣ ሁለቱ ቀስቶች ለምንድን ነው እንደ ቁጥር ዝም ብለው የማይደመሩት?» አዩኝ። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞሩ፦ «እናንተ ገብቷችኋል አይደል?» «አዎ!» «እንግዲያው አንተ እስካሁን የት ነበርክ?» ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሼም ሊገለኝ ደረሰ። የጓደኛዬን ሳቅ አሁንም ለይቼ እሰማዋለሁ። በቀጣይ እጄን ያወጣሁት ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው።

ክፉ ሰው አልነበሩም። ደብተር መግዛት ላቃተው ልጅ ከኪሳቸው ሲገዙ አይቻለሁ። ግን ጥያቄዬን እንደ ክስ ነው የሰሙት፤ «አላስረዱኝም» ያልኳቸው መሰላቸው። ጥያቄው ደግሞ መጥፎ አልነበረም። ሦስትና አራት ተደምረው አምስት የሚሆኑበት ሁኔታ እንዳለ ማወቅ ማንንም ልጅ ያስደንቃል። ያን ቀን ለአርባ ደቂቃ ሙሉ ክፍሉ የተሰጠው ትልቁ ትምህርት ቬክተር አልነበረም፤ እጅ ያወጣ ምን እንደሚደርስበት ነው።

ፕላዝማውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ መንግሥት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን በሳተላይት ቴሌቪዥን ማስተላለፍ ጀመረ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረጸ፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ነበር። የስክሪኑ መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ይናገርና መንገዱን ይቀጥላል። አንተ እስክሪብቶህን ገና ስታነሳ እሱ ሌላ ምዕራፍ ላይ ነው። ሁላችንም ቀልደንበታል። የማይሰማ አስተማሪ እያልን። ሰውየው ሳጥን ውስጥ ስለነበረ ነው እንጂ፣ ሳጥኑ ተነሥቶ በእግሩ የቆመው ሰው ሲመጣ ስንቱ ከእሱ የተሻለ ሰማን?

አሜሪካዊቷ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሳይንስ ክፍሎችን ድምፅ እየቀዳች አጥንታ ነበር። አስተማሪዎች ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ሆኖ አገኘችው። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ዝም ብለው ሲጠብቁ የልጆቹ መልስ ይረዝማል፤ ሳይጠሩ የሚመልሱ ልጆች ይበዛሉ፤ «አላውቅም» ይቀንሳል። ሦስት ሰከንድ! ሥልጠና የለው፣ አበል የለው።

ታላቅ እህቴ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምራለች። ይኼን ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ አነበብኩላት። «አንተ ልጅ፣ ቢሮ ቁጭ ብለህ ቡና እየጠጣህ ስለ እኛ ትጽፋለህ?» አለችኝ። «ስልሳ ሁለት ልጅ፣ አርባ ደቂቃ። ለአንዱ ስንት ይደርሰዋል? አስላዋ፣ ኢንጂነሩ!» አሰላሁት። ሠላሳ ዘጠኝ ሰከንድ አይሞላም። «ከዚያ ላይ ስም ጥሪ ቀንስ፣ የቤት ሥራ ማየት ቀንስ። ፖርሽን ካልጨረስኩ ዳይሬክተሩ የሚጠይቀው እኔን ነው። 'ስንት ልጅ ገባው?' ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም።»

እውነቷን ነው። ደሞዙን አታንሱት፤ በኪራይ ቤት የምትኖር አስተማሪ ወር እንዴት እንደምትጨርስ ቤታችን ያውቀዋል። ስልሳ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ያጨቀውም እሷ አይደለችም። እዚህ ድረስ እስማማለሁ። ግን ፖርሽን ተጨረሰ ማለት ምን ማለት ነው? እኔ ሺህ መልእክት ልኬ አንዱም ሳይደርስ «ሥራዬን ጨርሻለሁ» ብል አለቃዬ ያባርረኛል። ደግሞም እጁን ባወጣ ልጅ ላይ አለማሾፍ በጀት አይጠይቅም።

ቋንቋውም አለ። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ተወስኖ ነበር። እኛ ክፍል ውስጥ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ቁጣውና ቀልዱ በአማርኛ ነበር። ስለዚህ በደንብ የገባን ቁጣው ነው። ልጁ ያልገባውን ነገር፣ ባልገባው ቋንቋ፣ በስልሳ ጓደኛው ፊት እንዲጠይቅ እንፈልጋለን። ካልጠየቀ ሰነፍ።

ሰነፍ የሚለው ነገር በተለይ በ2015 ዓ.ም. ሰማይ ነካ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተሰጠና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት 3.2። ፌስቡክ ላይ ሁሉም ትውልዱን ሰደበ። ቲክቶክ ነው፣ ጫት ነው፣ ስንፍና ነው። ኮቪድም ጦርነትም በመካከል እንደነበሩ አልረሳሁም፤ አንድ ምክንያት ብቻ አለ ብዬም አልከራከርም። ግን እነዚያ ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት በየቀኑ «ገባን!» ሲሉ ነበር እኮ። ያኔ ያመናቸው ማነው?

«ይኼ የፈረንጅ ፋሽን ነው፣ የእኛ ባህል መምህርን ማክበር ነው» የሚል አይጠፋም። ቅኔ ቤት ሂዱና እዩ። ተማሪው ለብቻው ወጥቶ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያ የቆጠረውን መምህሩ ፊት ያቀርባል። መምህሩ ይሰማል፣ የተሰበረውን ያቃናል። ገባህ ወይ ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ የገባውና ያልገባው ከተማሪው አፍ ይወጣል። ኩርኩሙም አለንጋውም ነበረበት፣ ገነት አላደርገውም። ግን መምህሩ ይሰማ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ። ባለፈው ዓመት ቢሮ አንድ ተለማማጅ ልጅ ተሰጠኝ። ለአንድ ሰዓት ያህል ሲስተሙን አስረዳሁት፤ ሰሌዳ ላይ ሣልኩ፣ ተንቀሳቀስኩ፣ ፈገግ አልኩ። በመጨረሻ ምን ብዬ እንደጠየቅሁት ታውቃላችሁ። «አዎ ገብቶኛል» አለ። ሐሙስ ማታ ፕሮዳክሽን ላይ ያለውን የደንበኞች ዝርዝር የሙከራው መስሎት አጠፋው። ባክአፕ ስለነበረ ተረፍን። ጠዋት ላይ፣ አፌን እስክይዘው ድረስ፣ «እስካሁን የት ነበርክ?» ልለው ነበር።

እህቴ ብትናደድም አንድ ነገር ለመሞከር ተስማማች። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ለልጆቹ ብጫቂ ወረቀት አስይዛ፣ ስም ሳይጻፍ፣ በአማርኛ፣ «ያልገባችሁን ጻፉ» አለች። አብዛኛው «ሁሉም ገብቶኛል ቲቸር» ብሎ መለሰ። ጠበቅሁት፤ 200 ኦኬ። በሳምንቱ ጥያቄውን ቀየረችው፦ «ለታናሽ እህታችሁ ማስረዳት የሚያቅታችሁ የቱን ነው?»

ማታ ደወለችልኝ። ወረቀቶቹን አልጋዋ ላይ ዘርግታ እያነበበች ነበር። አንዱን አነበበችልኝ። «ቲቸር፣ ነጌቲቭ በነጌቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ እንደሚሆን ከድሮ ጀምሮ አልገባኝም። ዝም ብዬ ነው የምሠራው።»

«እሺ፣ ምን ልትመልሺላቸው ነው?» አልኳት።

«እሱን ልጠይቅህ ነው የደወልኩት» አለች። «ለምንድን ነው ግን?»

አፌን ከፈትኩ። ሁለት ሰከንድ፣ ሦስት ሰከንድ፣ አራት። አልቸኮለችም፤ ስልኩን እንደያዘች ጠበቀችኝ።