ክራር ለመማር ያሰባችሁ

ወገኖች፣ ዛሬ ስለ ክራር ትምህርት እንጫወት። «እጄ እርፍ ሲጨብጥ የኖረ ነው፤ ከእንግዲህ ክራር ይማራል ወይ?» የሚሉ አሉ። እኛ ይማራል እንላለን። እርሳስስ ይዞ የለም እንዴ!

ክራር ብዙውን ጊዜ 6 ክር አለው። አምስቱ ልዩ ልዩ ድምፅ ይሰጣሉ። ስድስተኛው የአንዱን ድምፅ አቅጥኖ ወይም አጎርንኖ ይደግማል። ስለዚህ ከዘፈን በፊት መቃኘትን ልመዱ። ባልተቃኘ ክራር መለማመድ ጆሮን ያበላሻል። ዋና ዋናዎቹ ቅኝቶች አራት ናቸው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። አራቱንም ባንዴ አትጀምሩ። ትዝታን ብቻ ያዙ፤ ጆሯችሁ ያውቀዋል።

ክሮቹን አንድ ባንድ፣ በዝግታ ምቱ። ጣት ሲሳሳት ያችኑ ቦታ መላልሷት።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የየቀኑ ልምምድ ነው። እሑድን ሙሉ ደርድሮ ሳምንቱን ክራሩን ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው ብዙ አይገፋም። ማታ ከብት ከገባ በኋላ ሩብ ሰዓት ይበቃል። አጨዳ ላይ ውላችሁ ከደከማችሁ ቃኝታችሁት ብቻ ተኙ። እሱም ልምምድ ነው።

«አዝማሪ ልትሆን ነው?» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ሙያን መናቅ መጥፎ ልማድ ነው። አዲስ አበባ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ክራር በመምህር ይሰጣል እኮ! ለጎረቤታችሁ ክራሩን አስይዙትና፣ «እስቲ ቃኘው» በሉት።