ከሥዕል ትምህርት ቤት እስከ መልካም ምኞት ካርድ

በግቢያችን አንድ የተለመደ ፌዝ አለ። ሥዕል ያጠና ወንድማችን ተመርቆ በካርድና በማስታወቂያ ሥራ እንጀራውን ሲያገኝ፣ «ያ ሁሉ ትምህርት ለእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ኖሯል?» እንለዋለን። ገና ሲመዘገብ ደግሞ ቤተ ሰቡ «ሥዕል እንጀራ ይሆናል ወይ?» እያለ አስጨንቆት ነበር። እንግዲህ ሥራ ቢያጣ ይታዘንለታል፤ ቢያገኝ ይሣቅበታል ማለት ነው። ይህን ፌዝ አንወደውም።

የሥዕል ትምህርትና የካርድ ንግድ ከመጀመሪያው ዘመዳሞች ናቸው። በ1843 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ሄንሪ ኮል የሚባል የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኛ ለገና ለወዳጆቹ ሁሉ ደብዳቤ መጻፍ ቢበዛበት፣ በሮያል አካዳሚ የተማረውን ሠዓሊ ጆን ካልኮት ሆርስሊን ሥዕል አሠርቶ 1,000 ያህል ካርድ አሳተመ። አንዱም በአንድ ሽልንግ ተሸጠ። በመካከሉ ቤተ ሰብ ጽዋ ያነሣል፤ በግራና በቀኝ ድኻ ይመገባል፣ የታረዘ ይለብሳል። (ሕፃን ወይን ሲቀምስ ታይቷል ብለው የመጠጥ ጠላቶች ተቈጥተው ነበር።) ይኸው ኮል ነው በኋላ የአገሩ የሥዕልና የዲዛይን ትምህርት ቤቶች የበላይ የሆነው፤ ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት የሚባለውንም ሙዚየም መርቷል።

በአሜሪካም በቦስተን ከተማ ሉዊስ ፕራንግ የተባለ ስደተኛ አታሚ ነበር። ከ1875 ጀምሮ የገና ካርድ ለአሜሪካ ገበያ አቀረበ፤ በ1880 ሠዓሊዎችን አወዳድሮ ለአንደኛው ሥዕል 1,000 ዶላር ሸለመ። ሽልማቱን ያገኘችው ሮዚና ኤመት የተባለች ወጣት ሠዓሊ ናት። ነገር ግን ርካሽ ካርድ ከጀርመን እየጐረፈ ቢያሸንፈው ፕራንግ ካርዱን ተወና ለተማሪ ቤቶች የሥዕል መጽሐፍና ቀለም ወደ ማዘጋጀቱ አዘነበለ። መንገዱ በሁለቱም በኩል ይኬድበታል ማለት ነው።

እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። ጆይስ ሆል በ1910 በሁለት የጫማ ሣጥን ፖስት ካርድ ይዞ ካንሳስ ሲቲ ገባ፤ ሆልማርክ የሚባለው ታላቅ ኩባንያ ከዚያ ተነሣ። እንዲህ ባለ ቤት ከሥዕል ትምህርት ቤት የመጣ ወጣት መጀመሪያ አበባና ፊደል ይሥላል። እጁ ጥሩ ከሆነ በሌሎች ላይ ይሾማል፤ ደግሞ ከፍ ሲል ስብሰባ ተቀምጦ ሌሎች የሣሉትን ይመርጣል፣ ሽያጭ ይቈጥራል። ብሩሹ ይደርቃል። (ጥሩ አስተማሪ ዲን ሲሆን ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም።) ስሙም ቢሆን የሚወጣው ለታወቀ ሰው ነው፤ በ1948 ኖርማን ሮክዌል ለሆልማርክ መሣል ሲጀምር ስሙ ራሱ ይሸጥ ነበር። ሳልቫዶር ዳሊ በ1960 ያወጣቸው የገና ካርዶች ግን ሕዝቡ ቢያጕረመርም ከገበያ ተነሡ፤ ስምም ሁልጊዜ አያድንም። ደመወዝተኛው ሠዓሊ በሣለው ካርድ ጀርባ በአብዛኛው የሚታተመው የኩባንያው ስም ብቻ ነው።

በእኛ አገር የእንቍጣጣሽ ዕለት ሕፃናት አበባና መልአክ በወረቀት ሥለው በየደጁ ያዞራሉ። ሠዓሊው ሥዕሉን በገዛ እጁ ያስረክባል፤ ሳንቲሙንም እዚያው ይቀበላል። ያ ልጅ አድጎ አራት ዓመት ሥዕል ሲማር ስለ ሰውነት አካል፣ ስለ ብርሃንና ጥላ ይነገረዋል። የኅትመት ዋጋ እንዴት እንደሚሰላ፣ ውል እንዴት እንደሚፈረም፣ በሥራው ላይ ምን መብት እንዳለው ግን ማን ይነግረዋል? ይህን ሳያውቅ ወደ ካርድ ቤት የገባ ሠዓሊ ሥራውን አንድ ጊዜ ሸጦ ሌላው ዐሥር ጊዜ ሲያሳትመው ቆሞ ያያል። የሚያሳዝነው ይህ እንጂ አበባ መሣሉ አይደለም።

ከራሳችንም እንጀምር። ማኅበራችን ላለፈው ዘመን መለወጫ ያሳተመውን ካርድ ገልብጠን አየነው። የማተሚያ ቤቱ ስም አለ፤ የማኅበሩም ማኅተም አለ። የሣለችው እኅታችን ስም የለም፤ የተከፈላትም ምስጋና ብቻ ነው። ለሚመጣው መስከረም ካርዱ ገና አልታዘዘም። የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ዋጋውን ከሠዓሊው ጋር አስቀድሞ በጽሑፍ ይዋዋል፤ ስሙንም ከማኅተሙ በላይ ያትም።