«ይቁም» የሚለው ማን ነው?

በዚህ እትም ወደ መኪና እሽቅድምድም ሜዳ ልወስዳችሁ ነው። «እኛንና እሽቅድምድምን ምን አገናኘን?» የምትሉ አትጠፉም። ጥቂት ታገሡኝ፤ ጉዳዩ የሰው ሕይወትና የኃላፊነት ጉዳይ ነው።

ዝናብ ሲበረታ በጎማና በአስፋልት መካከል ውሃ ይገባል። በዚያ ፍጥነት ጎማው መሬቱን ለቅቆ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ያን ጊዜ መሪም ፍሬንም አይታዘዝም። የፊተኛው መኪና የሚረጨው ውሃ ደግሞ ለኋለኛው እንደ ጉም ሆኖ ዓይኑን ይጋርደዋል። ታዲያ «ዛሬስ ይቁም» ማለት ያለበት ማን ነው? ሹፌሩ ወይስ ዳኛው?

ኦስትሪያዊው ኒኪ ላውዳ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1976 ጀርመን አገር ኑርበርግሪንግ ላይ መኪናው በእሳት ተያይዞ ከሞት አፋፍ ተረፈ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ቁስሉ ሳይሽር ወደ ውድድር ተመለሰ። ኦክቶበር 24 የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር በጃፓን ፉጂ ሲደረግ ከእንግሊዛዊው ጄምስ ሀንት በ3 ነጥብ ይመራ ነበር። ያን ዕለት ዝናቡና ጉሙ ከባድ ስለነበር ውድድሩ ዘግይቶ ተጀመረ። ላውዳ ግን ሁለት ዙር ብቻ ነድቶ ከመኪናው ወረደ። የቡድኑ መሐንዲስ ማውሮ ፎርጊዬሪ «ሞተሩ ተበላሸ እንበል» ብሎ ሊሸፍንለት ቢፈልግም እሺ አላለም። ሀንት ሦስተኛ ወጣና በ1 ነጥብ ብልጫ ሻምፒዮን ሆነ።

እስቲ አስቡት! ዋንጫ በእጅ ሊገባ ሲል መተው አንድ ነገር ነው፤ በሞተር አለማሳበብ ደግሞ ሌላ ድፍረት ነው። «ከመሞት መሰንበት» እንዲሉ፣ ላውዳ በ1977 እና በ1984 እንደገና ሻምፒዮን ሆኗል።

ነገር ግን ሹፌር ሁሉ እንደ ላውዳ እንዲወርድ መጠበቅ ይገባል? ጎረቤቱ ሳያቆም ብቻውን የሚያቆም ወጣት ስንት ይገኛል? እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 2014 በጃፓን ሱዙካ የሆነውን እንመልከት። አውሎ ነፋስ ወደ አገሪቱ እየቀረበ ሳለ ውድድሩ ከሰዓት በኋላ በዝናብ ተጀመረ። ቀኑ ሊጨልም ሲል አንድ መኪና ከመንገድ ወጣ፤ እርሱን ለማንሳት ተሽከርካሪ ክሬን ገባ። ቢጫ ባንዲራ ቢውለበለብም ውድድሩ አልቆመም። በሚቀጥለው ዙር የፈረንሳዩ ዡል ቢያንኪ እዚያው ቦታ ተንሸራትቶ ከክሬኑ ጋር ተጋጨ። ከዘጠኝ ወር በላይ ራሱን ሳያውቅ ቆይቶ በጁላይ 2015 በ25 ዓመቱ ዐረፈ።

ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ያቋቋመው ቡድን ባቀረበው ሪፖርት ቢያንኪ በቂ ያህል ፍጥነት አልቀነሰም አለ። ቤተሰቡ ይህን አልተቀበለም። ልብ በሉ፤ መልስ ሊሰጥ የማይችለው እርሱ ብቻ ነበር! ይኸው ቡድን ውድድር ጀምበር ከመጥለቋ ቢያንስ አራት ሰዓት ቀደም ብሎ እንዲጀመር መከረ። በ2015 ደግሞ አደጋ ሲኖር ሹፌሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ፍጥነት እንዲቀንሱ የሚያስገድድ አሠራር ተጀመረ። መልካም ነው፤ ነገር ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አያሰኝም?

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 እዚያው ሱዙካ በከባድ ዝናብ ክሬን እንደገና መንገድ ላይ ተገኘ። ፒየር ጋስሊ በፍጥነት አጠገቡ አለፈ፤ በስምንት ዓመት ውስጥ ትምህርቱ ተረስቶ ነበር ማለት ነው። ጋስሊ በፍጥነቱ ተቀጣ። በዚህ ጊዜ ግን ፌዴሬሽኑ የራሱንም አሠራር መርምሮ ክሬኑን ማስገባቱ መዘግየት እንደነበረበት አመነ።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። የማቆም ሥልጣን ያለው ሰው፣ ያላቆመበትንም ምክንያት መመለስ አለበት። ጥፋቱን መሪ በያዘው ላይ ብቻ መጫን ቀላል ነው፤ ነገ ሌላ እናት ልጇን እንዳታጣ ግን አያደርግም።

ባልና ሚስት አብራችሁ ስትጓዙ ዝናቡ ከብዶ አንዳችሁ «እናቁም» ብትሉ፣ ሌላው «ፈሪ» ይላል ወይስ መኪናውን ዳር ያስይዛል? ዛሬ ማታ ተወያዩበት።

እስከሚቀጥለው እትም ደኅና ሁኑ።