የእድሩ ድንኳን ለልጆቻችንም ይተከል

ሰኔ ሲያልቅ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ። ከዚያ አንሥቶ እስከ መስከረም ባለው ከሁለት ወር በላይ በሆነ ጊዜ የሠራተኛው ልጅ የት ይውላል? ከማንስ ጋር ይውላል? ይህ ጥያቄ የየቤተሰቡ የግል ጣጣ ተደርጎ ሲታይ የኖረ ቢሆንም በመሠረቱ ማኅበራዊ ጥያቄ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚያገኘው የዓመት ዕረፍት 16 የሥራ ቀን ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። አባትና እናት ይህን ዕረፍት ተራ በተራ ቢወስዱት እንኳ፣ በተለይ አገልግሎታቸው አጭር ከሆነ፣ የሚሸፍኑት የልጆቻቸውን ክረምት ግማሽ ቢሆን ነው። የቀረውን የሚሸፍነው ማነው?

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወንዱ ልጅ ወይ መንገድ ላይ ይውላል ወይም በስልክ ላይ አፍጥጦ ይመሻል። ሴቷ ልጅ ደግሞ እናቷን ተክታ ታናናሾቿን ትጠብቃለች፣ ወጥ ትሠራለች፣ ልብስ ታጥባለች። ለእርሷ ክረምት የሥራ ለውጥ እንጂ ዕረፍት አይደለም። አቅም ያላቸው ወላጆች መፍትሔውን በገንዘባቸው ገዝተዋል። በአዲስ አበባ አጥሮች ላይ ሐምሌ ሲቃረብ «ሰመር ካምፕ» የሚሉ ማስታወቂያዎች ይለጠፋሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በዚያው በትምህርት ቤቱ ግንብ ውስጥ፣ በዚያው ወንበር ላይ የሚካሄዱ ናቸውና ካምፕ ከማለት ይልቅ የክፍያው ቀጣይነት ቢባሉ ይቀላል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ልጆች ከቤት ወጥተው፣ ከእኩዮቻቸው ጋር በሜዳና በደን ውስጥ ጥቂት ቀናት በኅብረት ስለሚኖሩበት ሕይወት።

ይህ ሐሳብ የቅንጦት ሐሳብ አለመሆኑ ከታሪኩ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1876 ዋልተር ቢዮን የተባለ የዙሪክ ቄስ 68 የድሃ ልጆችን ከከተማው ጠባብ ቤቶች አውጥቶ ወደ አፐንዜል ኮረብቶች ወሰዳቸው። ዓላማው ንጹሕ አየር፣ ወተትና እንቅልፍ እንዲያገኙ ነበር። አሠራሩ በአውሮፓ የኢንዱስትሪ ከተሞች በፍጥነት ተዛመተ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በፓሪስ ዙሪያ ያሉ እንደ ኢቭሪ ያሉ የሠራተኛ ከተሞች ማዘጋጃ ቤቶች የልጆች የበጋ መንደር በባሕር ዳር አቋቋሙ። የፈረንሳይ ሠራተኛ ራሱ የሁለት ሳምንት ክፍያ ያለው ዕረፍት በሕግ ያገኘው በ1936 መሆኑን ስናስታውስ፣ በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ባሕርን ከአባቱ ቀድሞ ያየው ልጁ እንደነበረ እንረዳለን። እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 1925 በክራይሚያ በጥቁር ባሕር ዳር የተከፈተው አርቴክም በሐኪሙ ዚኖቪ ሶሎቭዮቭ ሐሳብ አመንጪነት ጤናቸው ለደከመ ልጆች የተቋቋመ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ የነበረው ንብረትም ከጥቂት ድንኳኖች እምብዛም አያልፍም።

ለትምህርት ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ትንሹ ምሳሌ ነው። በነሐሴ 1907 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በብራውንሲ ደሴት ባደን ፓወል ሃያ ያህል ልጆችን ሰብስቦ ለአንድ ሳምንት ያህል በድንኳን አኖራቸው። ከእነዚህ ውስጥ የባለጸጎች አዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪዎችም፣ የአካባቢው ሠራተኞች ልጆችም ነበሩ። ልጆቹ በአራት ቡድን ተከፈሉ፤ የየቡድኑም አለቃ ከመካከላቸው አንዱ ልጅ ሆነ። ሰውዬው የጦር መኮንንና የቅኝ ግዛት አገልጋይ እንደነበረ አይዘነጋም። ሆኖም ልጅን ልጅ ይምራው የሚለው አሠራር ከእርሱ አልፎ እስከ ዛሬ የዘለቀው እውነትነት ስላለው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ካምፕ ወላጅ የማያይበት ቦታ ነው። ስለሆነም ልጅን ለማጎልበት የተመቸውን ያህል ልጅን ለመቅረጽም የተመቸ ነው። በኢጣሊያ ፋሺስቶች እ.ኤ.አ. በ1926 የመሠረቱት ባሊላ የተባለው ድርጅት ሕፃናትን በባሕር ዳር እያሰለፈ ለጦርነት አዘጋጅቷል፤ የጀርመን ናዚዎችም ያንኑ አድርገዋል። አርቴክም ቢሆን ከሰልፍና ከመፈክር ነፃ አልነበረም። በእኛም አገር በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተልከዋል። የአርሶ አደሩን ኑሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይናቸው ያዩት በዚያ ነው የሚሉ ዘማቾች ዛሬም አሉ። ይህን አንክድም። ነገር ግን ግዴታ ነበር፤ ሕይወታቸውን ያጡም ነበሩበት። ስለዚህ የሠፈር ማኅበራት ልጆችን ወደ ሜዳ ሲያወጡ ልጁ ለማንም ዓላማ የሚመለመል አለመሆኑን ለወላጅ ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። ልጁ የሚሄደው ሊጫወት፣ ሊያርፍና ከሌሎች ጋር መኖርን ሊማር ነው። የመጫወትና የማረፍ መብቱም ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. በተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 የተጻፈ ነው።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉ አይጠፉም። ታዲያ ቡሄ የማነው? ነሐሴ ሲጋመስ ልጆች ያለ ማንም አዋቂ ትእዛዝ ይሰባሰባሉ፤ ዱላ ይቆርጣሉ፤ አውጪውንና ተቀባዩን ይለያሉ፤ ከቤት ቤት ዞረው ያገኙትን ሙልሙል ወይም ገንዘብ ይካፈላሉ። ገንዘብ ያዡ ያጭበረበረ እንደሆነ በሚቀጥለው ዓመት ማን እንደሚያስጠጋው እናያለን! በገጠር ያለ እረኛም ከብቱን ተራ እየገባ ይጠብቃል፣ ገናን ይጫወታል፣ ዝናብ ከየት እንደሚመጣ ከደመናው ያነባል። ይህን ሁሉ ያጣው የከተማው ልጅ ነው። እንግዲህ የምንጠይቀው አዲስ ነገር ከውጭ እንዲገባ ሳይሆን የተቋረጠው እንዲቀጠል ነው።

ወደ ተግባሩ ስንገባ ሁልጊዜ የሚነሣው የገንዘብ እጥረት ነው። የእድር አባላት ግን ዕቃ ቤታቸውን ከፍተው ይመልከቱ። ድንኳን አለ። ትልልቅ ድስት አለ። ሰሃን፣ ብርጭቆ፣ ጭልፋ፣ አግዳሚ ወንበር፣ የውሃ በርሜል አለ። በሌላው ዓለም ካምፕ የሚያቋቁም ድርጅት ለመግዛት ዓመታት የሚፈጅበት ዕቃ በየሠፈራችን ተቆልፎ ተቀምጧል። ለሞተ ሰው በየወሩ ስናዋጣ የኖርን ሰዎች ለሕያው ልጅ ከዚያው ላይ ጥቂት ብንጨምር የሚያሳፍር አይደለም። እርግጥ ሐዘን ቀጠሮ የለውምና ድንኳኑ በሙሉ ከሠፈር መውጣት የለበትም። ሁለት ሦስት እድሮች ቢተባበሩ አንዱ ለልጆች፣ ሌላው ለሐዘን ይውላል። የማጓጓዣውን ነገር ደግሞ የሠራተኛ ማኅበራት ከአሠሪዎቻቸው ጋር ሊነጋገሩበት ይችላሉ፤ በዕረፍት ቀን ቆሞ የሚውል የፋብሪካ አውቶቡስ ጥቂት አይደለም።

የወቅቱ ጉዳይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አውሮፓውያን «በጋ» የሚሉት ወር ለእኛ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ መሬቱ ጭቃ፣ ሌሊቱም ብርድ ነው። በድንኳን ማደር ለሕፃናት አይሆንም። ነገር ግን በደጋው አገር ክረምት ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው ከቀትር በኋላ ነው። ስለዚህ ጠዋቱን በደንና በሜዳ፣ ከሰዓቱን በጣራ ሥር ማድረግ ይቻላል። ጣራውስ? በክረምት ባዶአቸውን የሚቆሙት የገጠር ትምህርት ቤቶች አሉ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ጽዱን፣ ዝግባውንና ጉሬዛውን ይዞ ደርሶ መልስ የሚኬድበት ቅርብ ቦታ ነው፤ ስንት የመርካቶ ልጅ ጉሬዛ በዛፍ ላይ ሲዘል አይቷል? ድንኳን ተክሎ ማደሩ ግን ለዓመቱ አጋማሽ ዕረፍት፣ ለጥር መጨረሻ ይቆይ። ያን ጊዜ ምድሩ ደረቅ ነው።

ስለ ደኅንነት መታለፍ የሌለባቸው ነገሮች አሉ። ድንኳን በደረቅ ወንዝ መውረጃ ላይ አይተከልም፤ ዝናቡ ሩቅ ተራራ ላይ ዘንቦ ደራሽ ውሃ ሌሊት ሊመጣ ይችላል። መጸዳጃው ከውሃው በታች በኩል፣ ራቅ ብሎ ይቆፈራል። የመጠጥ ውሃ ይፈላል። ቆላ የሚወርድ ቡድን አጎበር ይይዛል፤ ብልሃርዚያ ባለበት ውሃም ውስጥ አይገባም። ነጎድጓድ ሲሰማ ለብቻው ከቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ክልክል ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ማንኛውም አዋቂ ሰው፣ የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን፣ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን እንዳይሆን ደንብ ይውጣ። የሴቶች መኝታ ለብቻ ይሁን፤ ኃላፊዎቻቸውም እናቶችና እኅቶች ይሁኑ። ይህ ካልተሟላ ወላጆች ልጃገረዶችን ቢከለክሉ የምንወቅሳቸው እኛ አይደለንም።

በካምፑ ውስጥ ልጆች ምን ይሠራሉ የሚለውን ብዙ አናብራራም፤ ለልጅ ጨዋታ አዋቂ አያስተምርም። ሥራው ግን በተራ ይሁን። ስድስት ወይም ስምንት ልጆች አንድ ቡድን ሆነው የራሳቸውን አለቃ ይምረጡ፤ ዛሬ ያበሰለ ነገ እንጨት ይልቀም፣ ከነገ ወዲያ ሰሃን ይጠብ። በቤቱ ጭልፋ ይዞ የማያውቅ ወንድ ልጅ ሽንኩርት ሲያቁላላ፣ እኅቱ ደግሞ የድንኳኑን ካስማ በመዶሻ ስትመታ ማየት ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል። ወጡ ሊያር ይችላል፤ ይብሉት። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ልጅና የጥበቃ ሠራተኛ ልጅ አንድ ትሪ ላይ መቅረባቸውም በቅስቀሳ የሚገኝ ነገር አይደለም። መዋጮው እንደ ገቢው እንዲሆንና ማን ምን እንደከፈለ ልጆች እንዳያውቁ ጸሐፊው መዝገቡን በምስጢር ይያዝ።

«ክረምት የማጠናከሪያ ትምህርት ጊዜ ነው» ለሚሉ ወላጆች ሥጋታቸውን እንጋራለን። ስምንት ሳምንት ማጥናት የሚፈልግ ልጅ ይጥና። የምንጠይቀው ከዚያ ውስጥ አንዱን ሳምንት ነው።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ አባላት ስለ ቀብር ወጪና ስለ ቀሪዎች ቅጣት ተነጋግረው ሲያበቁ፣ ዕቃ ቤቱን የያዘው ሰው ስንት ድንኳን፣ ስንት ድስት እንዳለ እንዲያስቆጥር ይጠየቅ። የተቀደደው ሸራ ከጥር በፊት ይሰፋ።