«ንቁ አባል» ማን ነው? የሙያ ማኅበራት መተዳደሪያ ደንብ አገላለጽ

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 31 ማንኛውም ሰው ለማንኛውም ዓላማ በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ ማኅበር በአምስት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ አባላት እንደሚመሠረትና ጠቅላላ ጉባኤው የበላይ አካሉ እንደሆነ ያመለክታል። ስለዚህ አባል ያልሆነ ድምፅ የለውም፤ አባሉን የሚለየውም መተዳደሪያ ደንቡ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ደንቡ «በሙያው የተሰማራ» ሲል፣ በአዳማ ተመርቆ ሥራ የሚፈልገውን ወጣት ያካትታል ወይስ ያስቀራል? «ንቁ አባል» መዋጮውን የከፈለ ነው ወይስ በስብሰባ የተገኘ? መገኘት ከሆነ፣ ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ በሆነ ማኅበር የሞጆና የባቱ ባለሙያ ዕጣ ምንድን ነው? ደንቡ ዝም ባለበት የሚወስነው ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ነው። ጥያቄው በምርጫ ዋዜማ ከተነሣ ደግሞ መራጩን የሚለየውና ለምርጫ የሚወዳደረው አንድ ወገን ሊሆን ይችላል።

ልል አገላለጽ እንደ ሁኔታው ለመወሰን ያመቻል የሚል መከራከሪያ አለ። ለዚህ ግን በግልጽ የተጻፈ የልዩ ሁኔታ አንቀጽ ይበቃል። የሰፈር እድር እንኳ ስንት ወር ያልከፈለ አባል ምን እንደሚጠብቀው በቁጥር ያስቀምጣል። የሙያ ማኅበርም መስፈርቱን በሚቆጠር መለኪያ፣ የውሳኔውን ጊዜ በቀን ቢወስን፣ ይግባኝ ሰሚውንም አካል ለይቶ ቢጽፍ፣ የአባሉ መብት ከኮሚቴው በጎ ፈቃድ ሳይሆን ከደንቡ ይመነጫል።