ቀዶ ሕክምናው ስላልተደገመ ብቻ ጉልበቱ ድኗል?

በአውስትራሊያ ሰው ሠራሽ ዳሌ ወይም ጉልበት የሚገጠምለት ሰው ሁሉ፣ አልፈልግም ካላለ በቀር፣ በብሔራዊ መዝገብ ይሰፍራል። የአገሪቱ የአጥንት ሐኪሞች ማኅበር መዝገቡን የጀመረው በ1999 (እ.ኤ.አ.) በደቡብ አውስትራሊያ ሲሆን፣ በ2002 አጋማሽ መላውን አገር አዳርሷል። የትኛው ዕቃ ለማን፣ መቼና የት እንደ ተገጠመ፣ በኋላም ወጥቶ እንደ ሆነ ይከታተላል።

ጥቅሙ በተግባር ታይቷል። ደፑይ የተባለው ኩባንያ ያመረተው ኤኤስአር የተሰኘ፣ ብረት በብረት ላይ የሚሽከረከር ሰው ሠራሽ ዳሌ ከአቻዎቹ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ለዳግም ቀዶ ሕክምና እንደሚዳርግ ቀድመው ካሳዩት አንዱ ይኸው መዝገብ ነው። ዕቃው ከአውስትራሊያ ገበያ በ2009 መጨረሻ ሲወጣ፣ ከመላው ዓለም የተሰበሰበው ግን በነሐሴ 2010 ነበር።

ይሁን እንጂ የመዝገቡ ዋና መለኪያ አሁንም ዳግም ቀዶ ሕክምና ነው። ዕቃው ካልወጣ ሕክምናው እንደ ሠመረ ይቆጠራል። ከነዋሪዎቿ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሕር ማዶ በተወለዱባት በዳንደኖንግ ይህ ስሌት ብዙ ነገር ይሰውራል። ጉልበቷ የተተካላት እናት ለክትትል ስትቀርብ ልጇ ያስተረጉምላታል እንበል። ሐኪሙ «እንዴት ነሽ?» ሲላት «ተመስገን» ትላለች፤ ልጁም «ደኅና ነኝ ትላለች» ብሎ ይተረጉማል። ተመስገን ግን ምስጋና እንጂ የሕመም መግለጫ አይደለም። ሌሊት የሚያነቃት ሕመም፣ ለስግደት መንበርከክ አለመቻሏ፣ ጎረቤቷም ለሶላት ወንበር መፈለጓ በፋይሉ አይገባም። ለሌላ ቀዶ ሕክምና ተራ ለመጠበቅም ተስፋ ስለምትቆርጥ አትመለስም፤ በስታቲስቲክሱ ውስጥ ግን የተሳካ ሕክምና ምሳሌ ትሆናለች።

መዝገቡ ከ2018 ወዲህ ሕመምተኞችን ራሳቸውን፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና ከስድስት ወር በኋላ፣ ስለ ሕመማቸውና ስለ እንቅስቃሴያቸው መጠየቅ ጀምሯል። ትክክለኛ እርምጃ ነው። በጉልበት ሕክምና በስፋት ከሚሠራባቸው የኦክስፎርድ 12 ጥያቄዎች አንዱ እንኳ ተንበርክኮ መነሳትን ይመለከታል። ነገር ግን መጠይቅ በዋናነት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ሲሰበሰብ፣ ኢሜይል የማትከፍተውና እንግሊዝኛ የማታነበው እናት ከመልስ ሰጪዎች ቁጥር ትወጣለች። ይህ ጉድለት በዘፈቀደ የሚመጣ ስላልሆነ የናሙናውን መጠን በማብዛት አይታረምም። ከቁጥር የሚቀሩት ሁልጊዜ እነዚያው ሰዎች ናቸውና።

ስለዚህ የሕመምተኛው ቋንቋና የአስተርጓሚ ፍላጎት ከዕቃው ዓይነት ጋር አብሮ ሊመዘገብ፣ ዓመታዊው ሪፖርትም ምን ያህል ሰው እንደ መለሰ በቋንቋ ለይቶ ሊያሳይ ይገባል። የትርጉሙ ሥራ ለቤተሰብ ልጅ የሚተው አይደለም፤ ቃል በቃል ከመመለስ ይልቅ በተናጋሪዎቹ ዘንድ የተፈተነ መጠይቅ ያስፈልጋል። አነስተኛ ማኅበረሰብ በሆስፒታል ደረጃ ሲዘረዘር ማንነት ሊጋለጥ ይችላል የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ ውጤቱን በክፍለ አገር ደረጃ አጠቃልሎ በማውጣት ግን ይቃለላል።

ወጪውን በተመለከተ፣ ከ2009 ጀምሮ የመዝገቡ ወጪ በፌዴራል ሕግ መሠረት ከመገጣጠሚያ ዕቃ አቅራቢዎች በሚሰበሰብ ቀረጥ ይሸፈናል። የቀረጡ መጠን በምክር ቤት ፊት በሚቀርብበት ጊዜ፣ አባላቱ ከገንዘቡ ምን ያህሉ ለትርጉምና ለአስተርጓሚ እንደሚውል ሊጠይቁ ይችላሉ።